ቴስቱ የራሱ ስክሪን ይኑረው

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ከጥቂት ዓመታት በፊት ያጋጠመኝን አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ ዛሬ እዚህ ያቆመኝ እሱ ነው።

በምሠራበት ቦታ ብራውዘር ከፍቶ፣ ፎርም ሞልቶ፣ በተን ተጭኖ የመጣውን ውጤት የሚያመሳክር አውቶሜትድ ቴስት ነበረን። የሚሮጠው እኔው በምሠራበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ሌሊት ሲሮጥ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ቀን ሲሆን ግን አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል፤ የሚወድቅበት ቦታም በየጊዜው ይለያያል። ቀን ቀን ሰርቨሩ ስለሚጨናነቅ ይሆናል አልን። የመጠበቂያ ጊዜውን ከ5 ሰከንድ ወደ 10፣ ከ10 ወደ 30 ከፍ አደረግን። ለውጥ የለም። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ስንዳክር ከቆየን በኋላ አንድ ከሰዓት ላይ የወደቀውን ቴስት መልእክት ፊደል በፊደል አነበብኩት። የደንበኛው ስም "አበበ" መሆን ነበረበት። ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ግን "አበእሺ መጣሁበ" ይላል።

"እሺ መጣሁ" የእኔ ቃል ነው። ከደቂቃ በፊት ለባልደረባዬ በቻት የመለስኩለት መስሎኝ ነበር። እየጻፍኩ ሳለ ቴስቱ አዲስ የብራውዘር መስኮት ከፈተ፤ መስኮቱ ከፊት መጣ፤ ኪቦርዱ ወደ እሱ ዞረ፤ የእኔ ፊደላት በቴስቱ ፊደላት መሀል ገቡ። ባልደረባዬ መልስ አልደረሰውም፤ ቴስቱም ወደቀ። ሌሊት ሌሊት የሚያልፈው እኔ ከወንበሬ ስለምነሳ ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ በጣም ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ያለው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማውስ፣ አንድ ክሊፕቦርድ ነው፤ የሚጠቀሙበት ግን ሁለት ናቸው፤ እኔና ቴስቱ። ማውሴን ትንሽ ሳንቀሳቅስ ቴስቱ የዘረጋው ሜኑ ይታጠፋል። ቴስቱ ኮፒ ሲያደርግ እኔ ኮፒ ያደረግሁት ይጠፋል። እንዲህ ባለ ቦታ "ቴስቱ ወደቀ" የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል። ኮዱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ሰው ማውስ ነክቶ? ይህን መለየት ካልተቻለ ሰዉ ቀስ በቀስ ቀይ ውጤት አይቶ ማለፍ ይለምዳል። "እንደገና አስሩጠው" የሁሉም ጥያቄ መልስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ የሚያምን አይገኝም። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ አንድ የሥራ ቡድን በገዛ ቴስቱ ላይ ያጣውን እምነት መልሶ ለማግኘት ወራት ይፈጅበታል።

መፍትሔው ለቴስቱ የራሱን ስክሪን መስጠት ነው፤ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሊኑክስ ላይ የፕሮግራሞችን መስኮት ስክሪን ላይ የሚያወጣው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 በኤምአይቲ ነው፤ ዛሬም በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ የምናገኘው ኤክስ11 የሚባለው እትሙ በ1987 ወጣ። በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙ የሚሮጥበት ማሽን አንድ ቦታ፣ ሰው የሚቀመጥበት ስክሪን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን የያዘው ፕሮግራም ሰርቨር ተባለ፤ መስኮት የሚፈልገው ሁሉ ክላየንት ሆነ። ለጀማሪ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ሰርቨር ሲባል ሩቅ ያለ ማሽን ነው የሚታሰበን፤ በኤክስ ግን ሰርቨሩ ያለው አፍንጫችን ሥር ነው። ብራውዘራችሁ ክላየንት ነው። "ይህን ያህል ስፋት ያለው መስኮት ክፈትልኝ፣ ይህን ምስል እዚህ አስቀምጥልኝ፣ ሰው ክሊክ ሲያደርግ ንገረኝ" እያለ ለሰርቨሩ መልእክት ይልካል።

ልብ በሉ፤ ብራውዘሩ ከሰርቨሩ ጀርባ የተሰካ ሞኒተር ይኑር አይኑር አይጠይቅም። መልእክቱን ይልካል፣ መልሱን ይቀበላል። እንግዲያውስ መልእክቱን ሁሉ እንደ ወጉ የሚቀበል፣ መስኮቱንም በትክክል የሚስል፣ ነገር ግን የሚስለው ሜሞሪ ላይ ብቻ የሆነ ሰርቨር ቢኖር ብራውዘሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ይሠራል ማለት ነው።

ያ ሰርቨር ኤክስቪኤፍቢ ይባላል። ስሙ ሲፈታ የኤክስ ምናባዊ ፍሬምበፈር ማለት ነው። ፍሬምበፈር ማለት የስክሪኑ የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ተጽፎ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ክፍል ነው። በተለመደው ማሽን ግራፊክስ ካርዱ ያንን እያነበበ ወደ ሞኒተሩ ይልካል። በኤክስቪኤፍቢ ወደየትም አይላክም፤ ሥዕሉ በሜሞሪ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል። ስንት ሜሞሪ ይበላል? አብረን እናስላው። 1280 በ1024 ስክሪን፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት፤ 5,242,880 ባይት ይመጣል፤ 5 ሜጋባይት ነው። 1920 በ1080 ካደረጋችሁት 8 ሜጋባይት ገደማ። ብራውዘሩ ራሱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሲወስድ ስክሪኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የትኛው ክላየንት ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚወሰነው ዲስፕሌይ በሚባለው የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ነው፤ ፕሮግራም ሲነሳ ከአስነሺው ወርሶ የሚያነበው መረጃ ማለት ነው። ፊታችሁ ያለው ስክሪን ብዙውን ጊዜ :0 ነው፣ አንዳንዴም :1። ለቴስት በልማድ የሚያዘው :99 ነው። ቁጥሩ የተለየ ኃይል ስላለው አይደለም፤ ከሌላ ሰርቨር ጋር እንዳይጋጭ ራቅ ተደርጎ ስለተመረጠ ነው። ኤክስቪኤፍቢን በ:99፣ በ1280 በ1024 ስፋትና በ24 ቢት ቀለም ታስነሳላችሁ፤ ዲስፕሌይን :99 ትሉታላችሁ፤ ቴስቱን ታስሮጣላችሁ። ከቴስቱ ኮድ አንዲት መስመር አይነካም። ይህን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ የሚያደርግ ኤክስቪኤፍቢ-ራን የሚባል ስክሪፕትም አለ። ሰርቨሩን ያስነሳል፣ እስኪዘጋጅ ይጠብቃል፣ ቴስታችሁን ያስሮጣል፣ ሲያልቅ ሰርቨሩን ይዘጋል፣ ቴስቱ ይለፍ ይውደቅ የሚናገረውንም የመውጫ ኮድ ሳይለውጥ ያስተላልፍላችኋል። የመጨረሻው ቀላል ይምሰል እንጂ፣ ሰዎች በራሳቸው የሚጽፉት ስክሪፕት ብዙ ጊዜ የሚስተው እሱን ነው፤ ቴስቱ ወድቆ ሳለ ሥራው በአረንጓዴ ያልፋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። "በእጄ ሳስሮጠው ይሠራል፣ ክሮን ላይ ሳደርገው ዲስፕሌይ መክፈት አልቻልኩም ይለኛል" የሚል ጥያቄ እስካሁን ስንት ጊዜ እንደቀረበልኝ አልቆጥረውም። ክሮን በተቀጠረለት ሰዓት ሥራ የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። ተርሚናል የከፈታችሁት ከዴስክቶፕ ውስጥ ሆናችሁ ነው፤ ዲስፕሌይ የሚለውን ቫሪያብል ከዚያ ወርሳችሁታል። ክሮን ግን ከዴስክቶፕ አልተወለደም፤ የሚወርሰው ነገር የለም። በብራውዘሩ ላይ ምንም ችግር የለም፤ አድራሻ ያልተሰጠው መልእክተኛ ሆኖ ነው። በ:99 ላይ የተነሳ ሰርቨር ስጡት፣ ዲስፕሌይንም ክሮኑ በሚያስነሳው ስክሪፕት ውስጥ ጻፉለት፤ ያልቃል።

አሁን አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። መናገር ስጀምር እዚህ ላፕቶፕ ላይ 40 የብራውዘር ቴስቶች አስጀምሬ ነበር። እስካሁን እየሮጡ ነው። መስኮት እየተከፈተ ይዘጋል፣ ፎርም ይሞላል፣ ማውስ ይንቀሳቀሳል። እናንተ ስትከታተሉ የነበረው ስላይዴን ብቻ ነው፤ ስላይዱም አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ አላለም። ወደ መጨረሻው አብረን ገብተን እናየዋለን።

ይህን ሐሳብ ስነግራቸው ብዙ ሰዎች "ብራውዘሩን መደበቂያ ነው" ብለው ይረዱኛል። እኔ እንዲህ አላየውም። የተለየ ስክሪን ያስፈለገኝ ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ ፎከሱን (ኪቦርዱ ወደ የትኛው መስኮት እንደሚጽፍ) እና ክሊፕቦርዱን እኔ እንድወስን፣ ዛሬና ነገ፣ በእኔ ማሽንና በሌላው ማሽን ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው። ማየትማ እንዲያውም በደንብ ማየት ይቻላል። ኤክስ11ቪኤንሲ የሚባለውን ፕሮግራም በ:99 ላይ አስነስታችሁ ከራሳችሁ ዴስክቶፕ በቪኤንሲ (የሌላን ስክሪን ከሩቅ በሚያሳይ) መመልከቻ ትገባላችሁ፤ ብራውዘሩ ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ደግሞ ዲስፕሌዩን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ይቀዳዋል።

ስለ ምስል ማንሳት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰዓት የሚባክንበት ቦታ ነውና። ብራውዘሩን በኮድ የሚያዝዘው ሴሌኒየምም ሆነ ሌላው መሣሪያ ቴስት ሲወድቅ ስክሪንሾት ማንሳት ይችላል። ያ ስክሪንሾት ግን የገጹ ነው። ከገጹ ውጭ ያለ ነገር አይታይበትም። አንድ ጊዜ ፋይል የሚጭን ቴስት ነበረን፤ እየጠበቀ እየጠበቀ ጊዜው አልፎ ይወድቃል። የገጹን ስክሪንሾት እናያለን፤ ገጹ ጤነኛ ነው፣ በተኑ በቦታው ነው፣ የስህተት መልእክት የለም። ግራ ገባን። በመጨረሻ የገጹን ትተን የዲስፕሌዩን የጠቅላላውን ምስል አነሳን። ከብራውዘሩ ፊት "ፋይል ይምረጡ" የሚል የሲስተሙ መስኮት ተገትሯል። ቴስቱ የፋይሉን አድራሻ ለገጹ ኢንፑት በቀጥታ መስጠት ሲገባው በተኑን ክሊክ አድርጎ፣ የመጣውን መስኮት የሚመልስለት አጥቶ ቆሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቴስት ሲወድቅ ሁለቱንም አነሳለሁ፤ የገጹንም የዲስፕሌዩንም። ጠቅላላ ምስሉን ለማንሳት የራስ የሆነ ዲስፕሌይ ያስፈልጋል፤ በሥራ ዴስክቶፕ ላይ ብታነሱት የራሳችሁን ኢሜይልና ቻት አብራችሁ ሪፖርት ውስጥ ታስገባላችሁ።

የተለየ ስክሪን ሲሰጥ አብሮ የሚመጣ ጣጣም አለ፤ ሳልነግራችሁ ብሄድ ልክ አይሆንም።

የመጀመሪያው ስፋት ነው። ስፋቱን ካልነገራችሁት ሰርቨሩ የራሱን ይመርጣል፤ የቀድሞዎቹ የኤክስቪኤፍቢ-ራን እትሞች ሲነሱ የሚከፍቱት 640 በ480 ነበር። በዚህ ስፋት ላይ ዘመናዊ ገጽ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሞባይል ላይ የተከፈተ መስሎት ሜኑውን ወደ ሦስት መስመር ምልክት ይሰበስባል። ከታች የሚወጣው የኩኪ ማሳወቂያ የስክሪኑን ሲሶ ይይዝና "ላክ" የሚለውን በተን ይሸፍነዋል። ቴስቱ በተኑን ያገኘዋል፤ በተኑ ገጹ ላይ አለና። ክሊክ ሲያደርግ ግን "ክሊኩን ሌላ ኤለመንት ተቀብሎታል" የሚል ስህተት ይመጣል። ዴስክቶፕ ላይ ያለፈ ቴስት ነው፤ ኮዱ ያው ነው፤ ሰው ወዲያው ጣቱን ወደ ኤክስቪኤፍቢ ይቀስራል። እውነቱ ግን ቴስቱ እስከ ዛሬ የሮጠው በአንድ ሰው ሞኒተር ስፋት ላይ ብቻ መሆኑ ነው። እኔ እንዲያውም ይህን ስህተት እወደዋለሁ፤ ትንሽ ስክሪን ያለው ተጠቃሚ በእርግጥም በተኑን መጫን እንደማይችል ነግሮናልና።

ሁለተኛው ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነው። ኤክስ ሰርቨር መስኮት ይስላል እንጂ መስኮቶችን አያስተዳድርም። ርዕስ ያለውን ጠርዝ የሚያበጅ፣ መስኮቱን የሚያሰፋ፣ ፎከስ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞር ዊንዶው ማናጀር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። ዴስክቶፓችሁ ውስጥ ሁሌ ስላለ አታስታውሱትም። አዲስ በተነሳ ኤክስቪኤፍቢ ላይ ግን የለም። ቴስቱ "መስኮቱን አስፋ" ሲል ጥያቄውን የሚሰማ አይኖርም፤ መስኮቱ በነበረበት ይቀራል። ሁለት መስኮት ሲከፈት አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። ከሳጥን ፎከስ ሲለቅ መልእክት የሚያሳይ ፎርም ካላችሁ ደግሞ መልእክቱ ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እንደ ፍለክስቦክስ ወይም ኦፕንቦክስ ያለ ቀላል ዊንዶው ማናጀር በዚያው ዲስፕሌይ ላይ ማስነሳት። አንድ ብራውዘር ብቻ ከሆነ የምትከፍቱት ስፋቱን በቁጥር መንገር ይበቃል።

ፎንት ሌላው ነው። ኮንቴይነር ውስጥ፣ ማለትም ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ብቻ ታሽጎ በሚሮጥበት ጥቅል ውስጥ፣ የምታገኙት ሊኑክስ ባዶ ቤት ነው፤ ፎንት እንኳ ላይኖረው ይችላል። ከላቲን ውጭ ያለ ፊደል፣ ግዕዝ ይሁን አረብኛ ይሁን ቻይንኛ፣ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። የኖቶ ፎንቶች ስማቸውን ያገኙት ከእነዚህ ሳጥኖች ነው፤ ሳጥኖቹ በሙያው ሰዎች ዘንድ ቶፉ ይባላሉ፣ ኖቶ ማለትም ቶፉ የለም ማለት ነው። ቴስቱ ጽሑፉን ከገጹ ኮድ ስለሚያነብ ሳጥን መሆኑን አያውቅም፤ ያልፋል። ምስል ከምስል የሚያወዳድር ቴስት ከሆነ ግን፣ ፎንቱ ሲለወጥ የፊደሉ ስፋት ይለወጣል፣ መስመሩ ሌላ ቦታ ይሰበራል፣ ከታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ ፎንቶቹን ከነእትማቸው ኮንቴይነሩ ውስጥ አብራችሁ አስቀምጡ።

በነገራችን ላይ ኮንቴይነር በሚያስሮጠው በዶከር ውስጥ ክሮም በድንገት ሲሞት ብዙ ሰው ኤክስቪኤፍቢን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ዶከር ለሼርድ ሜሞሪ (ፕሮግራሞች በጋራ ለሚጠቀሙበት ሜሞሪ) በራሱ የሚሰጠው 64 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ክሮም ከባድ ገጽ ሲከፍት ያ አይበቃውም። መጠኑን ከፍ አድርጉለት፣ ወይም ክሮም ሼርድ ሜሞሪውን እንዲተወው ንገሩት።

ደግሞም የቁጥር ግጭት አለ። ሰርቨሩ ሲነሳ ቴምፕ ማህደር ውስጥ በቁጥሩ ስም የመቆለፊያ ፋይል ያስቀምጣል። ቴስቱን በኃይል ገድላችሁ ሰርቨሩ አብሮ ሳይጸዳ ከሄደ ፋይሉ ይቀራል፤ በማግስቱ "ለዲስፕሌይ 99 ሰርቨር አስቀድሞ እየሠራ ነው" የሚል መልስ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሰርቨሩ በእርግጥ እየሠራ አለመሆኑን አይታችሁ ፋይሉን ማጥፋት ነው። ከዚህ የሚከፋው ብዙ ቴስት በአንድ ጊዜ ሲነሳ የሚመጣው ሽሚያ ነው። ሁለት ሥራዎች እኩል ያያሉ፤ 99 ነጻ ነው ይላሉ፤ እኩል ይይዙታል። አንዱ ይወድቃል። አንዳንዱ ሰው "ሰርቨሩን አስነሳ፣ 3 ሰከንድ ተኛ፣ ቀጥል" ብሎ ይጽፋል፤ ማሽኑ በተጨናነቀ ቀን 3 ሰከንዱ አይበቃም። ዲስፕሌይኤፍዲ የሚባለውን አማራጭ ተጠቀሙ። ነጻ ቁጥሩን ሰርቨሩ ራሱ ይመርጣል፣ ተዘጋጅቶ ሲጨርስም ቁጥሩን ጽፎ ይሰጣችኋል። ግምት የለም፣ እንቅልፍ የለም።

ይህን ካስተካከላችሁ ቴስቶችን ጎን ለጎን ማስሮጥ እጅግ ደስ የሚል ነገር ይሆናል። 8 ሠራተኛ ፕሮሰስ ካላችሁ 8 ዲስፕሌይ ስጧቸው። በኤክስ ክሊፕቦርዱ የየዲስፕሌዩ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ኮፒ ያደረገውን ሌላው ፔስት አያደርግም። ፎከሱም የየራሱ ነው። 8ቱም ስክሪኖች ተደምረው ለፍሬምበፈር የሚወስዱት 40 ሜጋባይት ብቻ ነው። በአንድ ዲስፕሌይ ላይ 8 ብራውዘር የምታጉሩ ከሆነ ግን የእኔንና የቴስቱን ጠብ በስምንት አባዝታችሁ እንደ ማምጣት ነው።

አሁን ሁላችሁም በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሳ። "ሄድለስ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ክሮም ሄድለስ ሆኖ መሮጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 በ59ኛው እትሙ ነው፤ ፋየርፎክስም በዚያው ዓመት ተከተለ። ከዚያ በፊት ሰው ፋንተምጄኤስ የሚባለውን ስክሪን የማይፈልግ ብራውዘር ይጠቀም ነበር፤ እነዚህ ሲመጡ የእሱ ልማት በ2018 ቆመ። ሄድለስ ማለት ብራውዘሩ ራሱ "ስክሪን አልፈልግም" ሲል ነው፤ ሰርቨርም ዲስፕሌይም አያስፈልግም። አዲስ ቴስት የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ በሄድለስ ጀምር ነው የምለው። ፈጣን ነው፣ ጣጣ የለውም።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የመጀመሪያው የክሮም ሄድለስ ተጠቃሚው የሚከፍተው ክሮም አልነበረም፤ ለብቻው የተጻፈ ሌላ አሠራር ነበር። ኤክስቴንሽን እንኳ አይጭንም። ሁለቱ አንድ የሆኑት በ2023 በ112ኛው እትም አዲሱ ሄድለስ ሲመጣ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሄድለስ ላይ ያለፈ ቴስት እውነተኛው ክሮም ላይ ላያልፍ ይችል ነበር፤ ያንን ክፍተት የዘጋልን ኤክስቪኤፍቢ ነው። ዛሬም ቢሆን ቴስቱ ከብራውዘሩ ገጽ ወጣ ሲል የተለየ ዲስፕሌይ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። የሲስተም መስኮቶች፣ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ኮፒ ማድረግ፣ ስክሪን ማጋራት፣ በኤሌክትሮን (በዌብ ኮድ ፕሮግራም በሚሠራበት መሣሪያ) የተሠሩ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች፣ ሙሉ ስክሪኑን በቪዲዮ መቅዳት። ሳይፕረስ የሚባለው የቴስት መሣሪያም ሊኑክስ ላይ ዲስፕሌይ ካጣ ኤክስቪኤፍቢን በ:99 ራሱ ያስነሳል፤ ተጠቃሚው ሳያውቀው በዚህ ቤት ውስጥ ይኖራል።

የማይሆንበትንም ልናገር። ኤክስቪኤፍቢ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ዌብጂኤል (በብራውዘር ውስጥ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል የሚሳልበት ዘዴ) ያለበት ገጽ የሚሳለው በፕሮሰሰሩ ነው። ሥዕሉ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን ለማንም ተጠቃሚ እውነት አይደለም። አኒሜሽን ይንቀራፈፋል ወይ ብላችሁ በዚህ ላይ አትለኩ። ዊንዶውስና ማክ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ኤክስ የእነሱ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ በሪሞት ዴስክቶፕ ገብታችሁ ቴስት አስጀምራችሁ ግንኙነቱን ስትቆርጡ ስክሪኑ ይቆለፋል፤ ማውስና ኪቦርድ የሚያንቀሳቅስ ቴስትም አብሮ ይቆማል። ሊኑክስ ላይ ኤክስን እየተካ ባለው በዌይላንድ በኩል እንደ ዌስተን ያሉት ያለ ሞኒተር የሚሮጡበት የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ሐሳቡ ያው ስለሆነ አልዘረዝረውም።

ከንግግሩ በፊት በር ላይ አንዲት እህት "ታዲያ የተለየ ዲስፕሌይ ካለው ደህንነቱ ተጠበቀ ማለት ነው?" ብላ ጠይቃኛለች፤ በሁላችሁ ፊት ልመልስላት ቃል ገብቼ ነበር። አይደለም። የተለየው ስክሪኑ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ያው እናንተ ናችሁ፤ ፋይሉ ያው ነው፤ ኔትወርኩ ያው ነው። ቴስቱ የእናንተን የብራውዘር ፕሮፋይል ከከፈተ የእናንተን ኩኪና የይለፍ ቃል ይዞ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ ለቴስቱ በየጊዜው ባዶ ፕሮፋይል ስጡት። በአንድ ዲስፕሌይ ላይ ያሉ የኤክስ ክላየንቶችም አንዱ የሌላውን የኪቦርድ ምት ማየት ይችላሉ፤ የማታምኑትን ፕሮግራም እዚያ አታስገቡ። ቪኤንሲውንም ከራሳችሁ ማሽን ውጭ እንዳይሰማ አድርጉ፣ የይለፍ ቃልም አድርጉበት። በኮንቴይነር ፖርት ላይ ክፍት ተደርጎ ለሁሉም የተተወ ቪኤንሲ አይቻለሁ፤ በእሱ በኩል ያለፈ ሁሉ ገብቶ ማውስ ማንቀሳቀስ ይችል ነበር።

እሺ፣ ቃል እንደገባሁት እንግባ። የቪኤንሲ መመልከቻውን ከፍቼዋለሁ፤ ይኸው :99። 33ኛው ቴስት ላይ ደርሷል። ይህ የምዝገባ ፎርም ነው፤ ስም ይጽፋል፤ ወደ ስልክ ቁጥር አለፈ። አሁን እኔ እዚህ የራሴ ማስታወሻ ላይ "እሺ መጣሁ" ብዬ እጽፋለሁ። ፎርሙን ተመልከቱ፤ የስሙ ሳጥን ውስጥ "አበበ" ይላል፤ ሌላ ፊደል አልተጨመረበትም። "ላክ" የሚለውን ተጫነው፤ ወደ 34ኛው ሄደ።